እንስሳት ያስባሉን? ስለማይናገረው ሕመምተኛ

(ለእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር አባላት የቀረበ ንግግር)



የሚከተለው ሁኔታ ለአብዛኞቹ የማኅበሩ አባላት እንግዳ አይደለም። በገበያ ቀን አንዲት የጭነት አህያ ወደ ክሊኒክ ትመጣለች። ጀርባዋን ጭነት ገጥቦታል፤ ገጣባውም አመርቅዟል። ባለቤቱ «ጠንካራ ናት፤ ምንም አትልም» ይላል። እርሷም በእርግጥ ምንም አትልም። አትራገጥም፤ አታናፋም፤ ጆሮዋን በመጠኑ ወደ ኋላ ጥላ ቆማለች። ሐኪሙ የሞተውን ሥጋ ቆርጦ ቁስሉን ከማጽዳቱ በፊት ግን አንድ ነገር መወሰን ይኖርበታል፤ ይኸውም በእጁ ካሉት ጥቂት የማደንዘዣ ብልቃጦች አንዱን ለእርሷ ያውለው ወይስ ያስቀረው የሚለው ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የገንዘብና የጊዜ ጉዳይ ይመስላል። በመሠረቱ ግን ፈላስፎች ለብዙ መቶ ዓመታት ለተከራከሩበት ጥያቄ በተግባር የሚሰጥ መልስ ነው። በዚያች ዝም ባለች አህያ ውስጥ ሕመሙ የሚሰማው ባለቤት አለ ወይስ የለም?

እንስሳት ንቃተ ኅሊና አላቸው ወይ የሚለው ጥያቄ ዛሬ የፈላስፎች ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሙከራ ሳይንስ ጥያቄ ሆኗል። ስለዚህ እስከ አሁን የተደረሰበትን በአጭሩ መመልከትና ከዚያም ለሙያው የሚያስከትለውን ግዴታ መመዘን ተገቢ ይሆናል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት የቆዩ ፍርዶች

የአማርኛ ቋንቋ ስለ እንስሳት አእምሮ ሁለት የሚቃረኑ ፍርዶችን ጎን ለጎን ይዞ ኖሯል። በአንድ በኩል አንድን ሰው «እንስሳ» ብሎ መጥራት አስተውሎት የለውም ማለት ነው። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚለውም ተረት በሬው የአፉን እንጂ የፊቱን ማሰብ አይችልም ሲል ይፈርድበታል። በሌላ በኩል ግን ይህንኑ ተረት የሚተርተው ገበሬ በሬዎቹን ቦራ፣ ዳልቻ፣ ጉራች እያለ በየስማቸው ይጠራል፤ በእርሻ ላይ ያባብላቸዋል፤ ይገሥጻቸዋል፤ አንዱ ታታሪ፣ ሌላው ሰነፍና ተንኮለኛ እንደ ሆነ ለጎረቤቱ ያወራል። በቃሉ የነፈጋቸውን ልብ በሥራው ይሰጣቸዋል።

በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ትምህርት የሰው ነፍስ ነባቢት፣ ለባዊትና ሕያዊት ናት ይባላል፤ የምትናገር፣ የምታስብና ሕያው የሆነች ማለት ነው። ንባብና ልቡና የሰው ድርሻ ሲሆኑ የእንስሳ ሕይወት ግን ከደሙ ጋር የተቆራኘ ነው። ከጥንት ፈላስፎች መካከል አሪስጣጣሊስም ለዕፅዋት ማደግን፣ ለእንስሳት ስሜትን፣ ለሰው ብቻ ደግሞ ማሰብን አድሏል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አሪስጣጣሊስ እንስሳትን ከማሰብ ቢያርቃቸውም ከስሜት አለማራቁ ነው።

ርቀቱን ያሰፋው ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት ነው። በ1637 ባሳተመው መጽሐፉ የእንስሳን አካል እንደ ሰዓት በውስጥ መዘውር ከሚንቀሳቀስ መሣሪያ ጋር አመሳሰለው። ማስረጃው ቋንቋ ነበር፤ እንስሳት ሐሳባቸውን በቃል አቀናብረው ሲናገሩ አይታዩምና አያስቡም አለ። ዴካርት ራሱ በ1649 በጻፈው ደብዳቤ እንስሳት ሕይወትም፣ ከአካል ክፍሎች የሚመነጭ ስሜትም እንደሌላቸው አልናገርም ሲል ነገሩን አለዝቦታል። ከእርሱ በኋላ የተነሡ አንዳንድ ተከታዮቹ ግን የሚጮኸውን ውሻ ቅባት ከጠጣ መዘውር ጩኸት ለይተው አላዩትም።

እንግሊዛዊው የሕግ ሊቅ ጄረሚ ቤንታም በ1789 በወጣው መጽሐፉ ክርክሩን ከሌላ አቅጣጫ አነሣው። መጠየቅ ያለበት ማሰብ ወይም መናገር መቻላቸው ሳይሆን መሠቃየት መቻላቸው ነው አለ። ቻርልስ ዳርዊን ደግሞ በ1871 በሰውና በከፍተኛ እንስሳት አእምሮ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ቢሆንም የደረጃ እንጂ የዓይነት አይደለም ሲል ጻፈ። ከዚያ ወዲህ የማስረዳት ሸክሙ በሁለቱም ወገን ላይ ወደቀ።

የበርሊኑ ፈረስና ጥፋተኛው ውሻ

ከዳርዊን በኋላ ለእንስሳት የሰውን ልብ የመስጠት ስሕተት ተስፋፍቶ ነበር። ስለ ብልህ ድመትና ስለ ታማኝ ውሻ የሚነገሩ ታሪኮች እንደ ሳይንስ ማስረጃ ይቆጠሩ ጀመር። ይህን ያረመው ሎይድ ሞርጋን ነው። ሞርጋን ቶኒ የሚባል ውሻ ነበረው። ውሻው ጭንቅላቱን በአጥሩ ብረት መካከል አሾልኮ የበሩን መቀርቀሪያ ወደ ላይ ያነሣና በሩን ከፍቶ ይወጣ ነበር። አንድ መንገደኛ ይህን ቢያይ ውሻው የመቀርቀሪያን አሠራር ተረድቷል ማለቱ አይቀርም። ሞርጋን ግን ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ተከታትሎታል። ውሻው መጀመሪያ በአጋጣሚ፣ ከዚያም ከብዙ ከንቱ ድካም በኋላ ቀስ በቀስ እንደ ለመደው አይቷል። በ1894 ያወጣው ደንብ ከዚህ የተገኘ ነው፤ ይኸውም አንድን ድርጊት በዝቅተኛ የአእምሮ ችሎታ ማስረዳት ከተቻለ ወደ ከፍተኛው ችሎታ መሄድ አይገባም የሚል ነው።

የደንቡ ትክክለኛነት ብዙም ሳይቆይ በበርሊን ታየ። ቪልሄልም ፎን ኦስተን የተባለ ጡረተኛ መምህር ሐንስ የሚባል ፈረሱን ሒሳብ አስተምሬዋለሁ ይል ነበር። ፈረሱ ሲጠየቅ መልሱን መሬት በኮቴው እየመታ ይቆጥራል። በ1904 የተቋቋመ ኮሚሲዮን መርምሮ ማታለል አላገኘም። ኦስካር ፕፉንግስት የተባለው ተመራማሪ ግን ጠያቂው ራሱ መልሱን በማያውቅበት ጊዜ፣ ወይም ፈረሱ ጠያቂውን ማየት እንዳይችል ሲደረግ፣ መልሱ እንደሚሳሳት አረጋገጠ። ፈረሱ ይከተል የነበረው ቁጥሩን ሳይሆን፣ ትክክለኛው መልስ ሲደርስ ጠያቂው ሳይታወቀው የሚያደርገውን እጅግ ጥቂት የራስ እንቅስቃሴ ነበር። ውጤቱ በ1907 ታተመ።

በቤት ውስጥ ውሻ ያለው ሰው ሁሉ ከዚህ የሚማረው አለ። ውሻው ምንጣፍ ካበላሸ በኋላ አንገቱን ደፍቶ፣ ጅራቱን ወሽቆ ሲገኝ ባለቤቱ «ጥፋቱን ያውቃል» ይላል። አሌክሳንድራ ሆሮዊትስ በ2009 ባሳተመችው ጥናት ይህ ይመረመር ዘንድ ባለቤቶቹ ስለ ውሻቸው ጥፋት አንዳንድ ጊዜ ሐሰት ተነገራቸው። ያልበላውን ምግብ በላህ ተብሎ የተቆጡት ውሻ እንደ በዳይ አንገቱን ደፋ፤ በልቶ ያልተቆጡት ግን ይህን ያህል አልደፋም። አንገት መድፋቱ የሚከተለው ቁጣውን እንጂ ጥፋቱን አልነበረም።

እነዚህ ምርመራዎች ግን እንስሳት አያስቡም አላሉም። ሐንስ ሒሳብ ባይችልም ብዙ ሊቃውንት ማየት ያቃታቸውን የፊትና የራስ እንቅስቃሴ አይቷል። ውሻውም የጥፋት ጸጸት ባይኖረው የጌታውን ቁጣ ከፊቱ ያነባል፤ ይፈራልም። ስሕተቱ የነበረው እንስሳው አእምሮ አለው መባሉ ሳይሆን የሰው አእምሮ አለው መባሉ ነው።

ማየትና እንደሚያዩ ማወቅ

አንድ አካል ዕውቀት ስለ ተቀበለ ብቻ ንቃተ ኅሊና አለው ማለት አይቻልም። ይህን በግልጽ ያሳየው የሰው ሕክምና ነው። ሎረንስ ቫይስክራንትዝና ባልደረቦቹ በ1974 እንደ ገለጹት፣ ማያውን የአንጎል ክፍል ያጣ አንድ በሽተኛ በዚያ በኩል ምንም አላይም ይል ነበር። ግምት ብቻ እንኳ እንዲሰጥ በተጠየቀ ጊዜ ግን ብርሃኑ ያለበትን ቦታ በትክክል ያመለክታል። ዓይኑና ቀሪው አንጎሉ ያያሉ፤ እርሱ ግን አያይም። እንግዲህ እንስሳት ሁሉ እንዲህ ቢሆኑስ? ያያሉ፣ ይሸሻሉ፣ ይመገባሉ፤ በውስጣቸው ግን የሚያይ የለም ቢባልስ?

አላን ካውዬና ፔትራ ሽቴሪግ በ1995 ይህን ጥያቄ በጦጣዎች ላይ ፈተኑት። ይኸው የማያ ክፍል በአንድ ወገን የጎደላቸው ጦጣዎች በጎደለው በኩል የሚበራውን ብርሃን ዳስሰው ያገኙታል። «ብርሃን አለ» ወይም «ምንም የለም» የሚለውን እንዲመርጡ ሲደረግ ግን «ምንም የለም» የሚለውን መረጡ። በጤናማው የእይታ ወገናቸው በኩል ብርሃኑን «አለ» ብለው የመለሱት እነዚሁ ጦጣዎች ናቸው። ይህ ሙከራ የሚያመለክተው ትልቅ ነገር ነው። እንስሳው ከሰው በሽተኛ ጋር አንድ ዓይነት መልስ ከሰጠ፣ በጤናው ጊዜ ማየት ብቻ ሳይሆን የማየት ስሜትም ያለው ይመስላል።

የትናንትን ማስታወስና ለነገ መዘጋጀትም የሰው ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ኒኮላ ክሌይተንና አንቶኒ ዲኪንሰን በ1998 ያሳተሙት ጥናት ከቁራ ወገን ስለሆነች፣ ምግቧን መሬት ውስጥ ስለምትደብቅ ወፍ ነው። ወፎቹ ትልና ኦቾሎኒ እንዲደብቁ ተደረገ። ትሉን አጥብቀው ይወዱታል፤ ነገር ግን ፈጥኖ ይበሰብሳል። ከ4 ሰዓት በኋላ ሲለቀቁ ወደ ትሉ ሄዱ። ከ124 ሰዓት በኋላ ሲለቀቁ ግን ትሉ እንደሚበሰብስ በልምድ ያወቁት ወፎች ትሉን ትተው ኦቾሎኒውን ፈለጉ። ምን እንደ ደበቁ፣ የት እንደ ደበቁና ከደበቁ ስንት ጊዜ እንደ ሆነ አንድ ላይ ያስታውሱ ነበር።

በጀርመን አገር ሪኮ የተባለ ውሻ ከ200 በላይ ዕቃዎችን በስማቸው ለይቶ ያመጣ እንደ ነበር በ2004 ታትሟል። ከሚያውቃቸው ዕቃዎች መካከል አንድ አዲስ ዕቃ ተቀምጦ ሰምቶት በማያውቀው ስም ሲታዘዝ አዲሱን ለይቶ ያመጣ ነበር። የሐንስ ስሕተት እንዳይደገም ዕቃዎቹ ከባለቤቱ ዓይን ርቀው በሌላ ክፍል ተቀምጠው ነበር።

ለእንስሳው ራስን የማወቅ መለኪያ ሆኖ የቆየው የመስተዋት ፈተናም መጠቀስ አለበት። ጎርደን ጋሉፕ በ1970 እንዳሳየው ቺምፓንዚዎች በመስተዋት ፊታቸው ላይ የተቀባውን ምልክት አይተው በራሳቸው ገላ ላይ ዳስሰውታል። ውሾች በአብዛኛው ይህን ፈተና አያልፉም። ይሁን እንጂ ውሻ ዓለሙን የሚያነበው በአፍንጫው ነው። በመስተዋት ስለ ወደቀ ራሱን አያውቅም ማለት ሰውን በሽታ ፈትኖ ደንቆሮ ነህ እንደ ማለት ነው።

ሕመም፤ የሙያው ዋና ጥያቄ

ለእንስሳት ሐኪም ከሁሉ የሚቀርበው ጥያቄ ግን ሕመም ነው። ጉዳት ሲደርስ እግርን መሰብሰብ ያለ ፈቃድ የሚመጣ የነርቭ አጸፋ ሊሆን ይችላል። አጸፋ ግን መድኃኒት አይመርጥም። በእንግሊዝ አገር የተደረገ በ2000 የታተመ ጥናት ለሥጋ ስለሚረቡ ዶሮዎች ነበር። ዶሮዎቹ ሁለት ዓይነት መኖ ቀረበላቸው፤ በአንደኛው ካርፕሮፌን የተባለ የሕመም ማስታገሻ ተጨምሯል። የሚያነክሱት ከጤነኞቹ ይልቅ መድኃኒት ያለበትን መኖ አብዝተው በሉ፤ ማነከሳቸው በባሰ መጠን የሚወስዱት መድኃኒትም ጨመረ። ከንግግር የሚቀርብ ምስክርነት ቢፈለግ ይህን የሚተካከል ጥቂት ነው። ዶሮዋ አመመኝ ባትልም መድኃኒቷን መርጣ በልታለች።

በዓሣም ረገድ ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ በ2003 ባወጡት ጥናት ትራውት የተባለው ዓሣ ከንፈሩ አሲድ ወይም የንብ መርዝ ሲወጋ ለረጅም ጊዜ መብላት አቆመ፤ በአሲድ የተወጋው ከንፈሩን በጠጠር ላይ ያሽ ነበር። ሞርፊን በተሰጠው ጊዜ ግን እንዲህ ያለው ጠባይ ቀነሰ።

እዚህ ላይ ከሰው ሕክምና አንድ አሳዛኝ ትምህርት መውሰድ ያስፈልጋል። እስከ 1980ዎቹ ድረስ በበለጸጉት አገሮች ጭምር አዲስ የተወለዱ ሕፃናት በጣም በጥቂት ማደንዘዣ፣ አንዳንዴም ጡንቻን ብቻ በሚያፈዝ መድኃኒት ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር። ምክንያቱ ነርቫቸው ገና ስላልበሰለ ሕመም አይሰማቸውም የሚል እምነት ነበር፤ ማደንዘዣውም ይጎዳቸዋል ተብሎ ይፈራ ነበር። ካንዋልጂት አናንድና ባልደረቦቹ በ1987 ያሳተሙት ጥናት በቂ ማደንዘዣ ያገኙት ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የአካል መታወክ እንደ ቀነሰላቸውና የተሻለ እንዳገገሙ አሳየ። እነዚያ ሐኪሞች ጨካኞች አልነበሩም፤ አብዛኞቹም ልጆች የነበሯቸው ናቸው። የተሳሳቱት ሕመምተኛው ስላልተናገረ ሕመሙን እንደሌለ በመቁጠራቸው ነበር። የሰው ልጅ በራሱ ሕፃን ላይ ይህን ያህል ከተሳሳተ በአህያ ላይ አይሳሳትም የሚል ማን ነው?

ስለዚህ ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ2020 ባሻሻለው ትርጓሜ ላይ መናገር አለመቻል ሰውም ሆነ እንስሳ ሕመም ሊሰማው መቻሉን እንደማያስቀር ገልጿል።

የሊቃውንቱ ስምምነትና የቀረው ክርክር

በ2012 በካምብሪጅ የተሰበሰቡ የአንጎል ተመራማሪዎች ንቃተ ኅሊናን የሚያስገኘው የነርቭ መሠረት የሰው ብቻ አለመሆኑን፣ አጥቢ እንስሳትና አእዋፍ ሁሉ፣ እንዲሁም እንደ ኦክቶፐስ ያሉ ሌሎች ፍጥረታት እንዳላቸው በመግለጫ አስታወቁ። በ2024 በኒው ዮርክ የወጣው መግለጫ ደግሞ ለአጥቢዎችና ለአእዋፍ ጠንካራ የሳይንስ ድጋፍ መኖሩን፣ ለሌሎቹ ባለ አከርካሪዎች ሁሉና ነፍሳትን ጨምሮ ለብዙ አከርካሪ የለሾች ደግሞ ሊናቅ የማይገባው ዕድል መኖሩን ገለጸ። የእንግሊዝ ፓርላማም በ2022 ባወጣው ሕግ ከባለ አከርካሪዎች ሌላ የኦክቶፐስንና የሸርጣንን ወገኖች ስሜት ካላቸው እንስሳት ጋር ቆጥሯቸዋል።

ይህ ማለት ክርክሩ አልቋል ማለት አይደለም። መግለጫ በድምፅ ብልጫ እውነትን አያጸድቅም፤ ንቃተ ኅሊና በአንጎል ውስጥ እንዴት እንደሚገኝ ሁሉም የተስማማበት ማብራሪያ እስከ አሁን የለም። የሌላውን አእምሮ ከውስጥ ማየት አይቻልም፤ ይህ ደግሞ ለሰውም ይሠራል። የባልንጀራ ሕመም የሚታወቀው ከፊቱ፣ ከድምፁ፣ ከሥራውና ከአካሉ ተመሳሳይነት ነው። በእንስሳው ላይ የሚቀርበው ማስረጃ ከዚህ የሚለየው ንግግሩን በማጣቱ ብቻ ነው።

የሐኪሙ ግዴታ

በዚህ ስፍራ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ገበሬው ለልጁ መድኃኒት መግዣ ባጣበት ቦታ ስለ አህያ ሕመም መናገር ቅንጦት ነው የሚል ነው። ተቃውሞው በንቀት የሚታለፍ አይደለም። የድሀው ችግር እውነተኛ ነው፤ የማደንዘዣውም እጥረት እውነተኛ ነው። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው መድኃኒቱ ሁልጊዜ አይገኝም የሚል እንጂ ሕመሙ የለም የሚል አይደለም። ማደንዘዣ ስላጣ ያለ ማደንዘዣ የቆረጠ ሐኪምና ማደንዘዣ አያስፈልጋትም ብሎ የቆረጠ ሐኪም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ነገ መድኃኒቱን ይጠይቃል፤ ለበላዮቹ ያመለክታል፤ እስከዚያው እጁን ያፈጥናል፣ ያለዝባል። ሁለተኛው የሚጠይቀው ነገር የለም።

ከዚህም በላይ ብዙው ነገር ገንዘብ አይፈልግም። ጭነቱ በወፍራም ግላስ ላይ በትክክል ቢጫን ገጣባው ከመነሻው አይኖርም። ኮርማው በእድሜው ሳይገፋ ቢኮላሽ፣ ሲኮላሽም በድንጋይና በዱላ ከመቀጥቀጥ ይልቅ በሠለጠነ እጅና በተገቢው መሣሪያ ቢሆን ሥቃዩ ይቀንሳል። እንስሳን ከመጣል በፊት ማረጋጋት ምንም ወጪ የለውም። ሕመምን ማንበብም ይለመዳል። ፈረሶች ሲኮላሹ ፊታቸው በጥንቃቄ ተጠንቶ በ2014 የሕመም መለኪያ ወጥቶላቸዋል። ወደ ኋላ የደረቀ ጆሮ፣ የጠበበ ዓይን፣ የተወጠረ መንጋጋና የተወጠረ አፍንጫ በዚያ መለኪያ ተቆጥረዋል። ማስታወሻ ደብተርና የሚያስተውል ዓይን ላለው ሐኪም ይህ በየትኛውም የገጠር ክሊኒክ የሚሠራ ነው። አህያም ሕመሟን ከፈረስ ይልቅ የምትሸሽግ ስለሆነች ዓይኑ ይበልጥ መሳል ይኖርበታል።

በሬ ገደሉን አያይም ይሁን ወይም ያያል፣ ውሻ ይጸጸት ወይም አይጸጸት፣ እነዚህ ጥያቄዎች ለተመራማሪው ብዙ ሥራ ይሰጡታል። ሐኪሙ ግን እስኪፈቱ ድረስ ቢላውን ይዞ ሊጠብቅ አይችልም። በጥርጣሬ መካከል ሲሠራም ሁለት ዓይነት ስሕተት ይጠብቁታል። ሕመም ለማይሰማው ማደንዘዣ ቢሰጥ የጠፋው አንድ ብልቃጥ ነው። ሕመም የሚሰማውን እንደ ግዑዝ ዕቃ ቢቆርጠው ግን የጠፋው በብልቃጥ አይመዘንም። ማስረጃው እዚህ ከደረሰ በኋላ ሁለቱን ስሕተቶች እኩል አድርጎ መቁጠር ለሐኪም አይገባም።

አህያይቱ አሁንም በክሊኒኩ ደጅ ቆማለች፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላለች። ባለቤቷ ምንም አትልም ያለው እውነቱን ነው። ሐኪሙ ግን የሠለጠነው ምንም የማይሉትን ሊሰማ ነው።